ዲስኩ ሞልቷል፣ ፋይሎቹ ግን የሉም፦ የ59 ጊጋ ፍለጋ

የሰርቨሩ ዲስክ 98 ጊጋ ነው። ዲኤፍ የተባለው ትዕዛዝ 93ቱ ተይዟል፣ ነጻ የቀረው 0 ነው ይላል። ዲዩ ደግሞ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ዞሮ ሲደምር 34 ጊጋ ብቻ ያገኛል። በመሃል 59 ጊጋ የገባበት አልታወቀም። ዳታቤዙ ቆሟል። ተጠቃሚዎች መግባት አልቻሉም። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር ደግሞ አንድ ነው፦ "የሆነ ነገር አጥፉና ቦታ ይለቀቅ።"

የሆነ ነገር ማጥፋት ቀላል ነው። ከባዱ ምኑን እንደሚያጠፉ ማወቅ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ብለን ብናጠፋ ኖሮ ሌላ ቦታ ኮፒ የሌላቸውን የመጠባበቂያ ፋይሎች እናጣ ነበር። ስለዚህ ፍለጋውን ከነቁጥሮቹ ላስቀምጠው።

ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው በአነባበባቸው ነው። ተርሚናል ላይ ሲገቡ በላቲን ፊደላት መሆናቸውን፣ የትንንሽና የትልልቅ ፊደላት ልዩነትም ዋጋ እንዳለው አትርሱ።

ሁለት ቆጣሪዎች

ዲኤፍ እና ዲዩ ሁለቱም ከ1971ዱ የመጀመሪያ የዩኒክስ እትም ጀምሮ አሉ። ሥራቸው የተመሳሰለ ይመስላል፣ አቆጣጠራቸው ግን ለየቅል ነው። ዲኤፍ ፋይሎችን አያይም። በቀጥታ ፋይል ሲስተሙን (ዲስኩ ላይ ፋይሎችን የሚያደራጀውን ክፍል) "ስንት ብሎክ (የዲስክ ቁራጭ) ሰጥተሃል፣ ስንት ቀረህ?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ወዲያው ይመጣል። ዲዩ ግን ከላይ ይነሳና በየፎልደሩ እየገባ ስም ያለውን ፋይል ሁሉ ይደምራል። ብዙ ፋይል ካለ ደቂቃዎች ይፈጅበታል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ዲዩ የሚቆጥረው በስሙ ሊደርስበት የሚችለውን ብቻ ነው። ስም የሌለው፣ ወይም ስም ኖሮት መንገዱ የተዘጋበት ነገር ሁሉ ለዲዩ የለም። ለዲኤፍ ግን አለ። ሁለቱ ሲለያዩ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም። ልዩነቱ ራሱ የት መፈለግ እንዳለብን እየነገረን ነው።

"ይኸው ፋይል ፈጠርኩ እኮ!"

መጀመሪያ ያደናገረን ሌላ ነገር ነበር። የዳታቤዙ ሎግ (ፕሮግራሙ ሥራውን የሚመዘግብበት ፋይል) "ዲስኩ ላይ ቦታ የለም" ይላል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በሩት፣ ማለትም ሁሉም ነገር በተፈቀደለት የአስተዳዳሪ ተጠቃሚ፣ ገብቶ ትንሽ ፋይል ሲፈጥር ግን ያለ ችግር ተፈጠረለት። "ዲስኩ አልሞላም፣ ይኸው ፋይል ፈጠርኩ እኮ! ችግሩ ዳታቤዙ ጋ ነው" አለ።

አልነበረም። ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሲስተም ሲፈጠር፣ ሌላ ካልተነገረው በስተቀር፣ 5 ከመቶውን ለሩት ብቻ ብሎ ያስቀምጣል። ከ98 ጊጋ ላይ ይህ 5 ጊጋ ገደማ ነው። 93 ተይዞ ነጻው 0 የሆነው ለዚህ ነው። ተራ ተጠቃሚ ሁሉ ሲከለከል ሩት አሁንም ይጽፋል። ዳታቤዙ በራሱ ተጠቃሚ ስም ስለሚሠራ ቆመ፤ ሩት ግን አልቆመም። ይህ ጥበቃ ነው። ዲስክ በሞላበት ሰዓት ገብተን መመርመር የቻልነው በእሱ ነው። ዳታ ብቻ በሚቀመጥበት ትልቅ ዲስክ ላይ ቲዩን2ኤፍኤስ በተባለው ትዕዛዝ መቀነስ ይቻላል። ዋናው ሲስተም ባለበት ዲስክ ላይ ግን ባይነካ ይሻላል።

አይኖዶችንም አየን። እያንዳንዱ ፋይል አንድ አንድ የሚይዛቸው መዝገቦች ናቸው፣ ቁጥራቸውም የተወሰነ ነው። ዲስክ ቦታ እያለው የፋይል ቁጥር ገደቡ ላይ ከደረሰ ያው "ቦታ የለም" የሚል መልእክት ይመጣል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ሲጠራቀሙ የሚከሰት ነው። "ዲኤፍ -አይ" ይህን በአንድ መስመር ያሳያል። እኛ ጋ የተያዘው 12 ከመቶ ብቻ ስለነበር ይህን በር ዘጋነው።

በስም ያለው የት አለ

ቀጥሎ የሮጠው ይህ ነበር፦

ሱዱ ዲዩ -ኤክስኤች --ማክስ-ዴፕዝ=1 / | ሶርት -ኤች

አጭር ናት፣ እያንዳንዱ ቁራጯ ግን ሥራ አለው። ሱዱ ትዕዛዙን በሩት ሥልጣን ያስኬዳል፤ ከሌለ ዲዩ መግባት ያልተፈቀደለትን ፎልደር እያለፈ ይሄዳል፣ ድምሩም ያንሳል። ሁለቱ ቁጥሮች ሲለያዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይሄ ነው። ኤክስ "ከዚህ ፋይል ሲስተም አትውጣ" ማለት ነው። ካልተባለ ዲዩ የኔትወርክ ዲስኩን ሁሉ ጨምሮ ይቆጥርና ድምሩ ምንም የማይነግር ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለው የሶርት ኤች ደግሞ ኬ፣ ኤም እና ጂ የሚሉትን ምልክቶች ተረድቶ ይደረድራል። በተለመደው የቁጥር ድርደራ ቢሆን 900 ኬ ከ2 ጂ በላይ ተቀምጦ ያሳስታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ባለ ሰዓት "ኤንሲዲዩ ልጫንና በደንብ ልይ" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ኤንሲዲዩ የዲስክ አጠቃቀምን ለማየት በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፣ በሰላሙ ጊዜ እኔም እጠቀምበታለሁ። በሞላ ዲስክ ላይ ግን አዲስ ነገር መጫን ለሩት የቀረችውን ቦታ መብላት ነው። ዲዩ እዚያው አለ፣ ይበቃል።

ውጤቱ፦ ቫር የተባለው ፎልደር 19 ጊጋ፣ የቀረው በዩዝር፣ በኦፕት እና በሆም የተበታተነ፣ በድምሩ 34። ወደ ቫር አንድ ደረጃ ወረድን። ዳታቤዙ 11 ጊጋ፣ የሲስተምዲ ጆርናል (የሲስተሙ የራሱ ሎግ) 4 ጊጋ፣ ሌላው ትንንሽ ነው። የጆርናሉ 4 ጊጋ አላስገረመንም። ማንም ካልቀየረው ጆርናሉ የፋይል ሲስተሙን 10 ከመቶ ድረስ ይወስዳል፣ ጣሪያው ግን 4 ጊጋ ነው። እዚያ ደርሶ ቆሟል።

በፋይንድ ከ500 ሜጋ በላይ የሆኑ ፋይሎችንም ፈለግን። ከዳታቤዙ የራሱ ፋይሎች በስተቀር ምንም አልወጣም። አደገኛው ሰዓት ይሄ ነው። የተጨነቀ ሰው ፊት ያለው ብቸኛ ትልቅ ነገር የዳታቤዙ ፎልደር ይሆናል። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ከ10ኛው እትሙ በፊት የለውጥ መዝገቡን የሚያስቀምጥበት ፎልደር ስም ውስጥ "ሎግ" የሚል ቃል ነበረው። ሰዎች ተራ ሎግ መስሏቸው እያጠፉ ዳታቸውን ያጡ ነበር። በ2017 በወጣው 10ኛው እትም ስሙ ተቀየረ። በዳታቤዝ ፎልደር ውስጥ ያለን ፋይል በእጅ ማጥፋት ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ስሙ ምንም ቢሆን።

ስም የሌለው ፋይል

በስም ያለው 34 ከሆነ የቀረው 59 ስም የለውም፣ ወይም ተሸፍኗል። በሊኑክስ ላይ ፋይል ስታጠፉ የምታጠፉት ስሙን ነው። ይዘቱ የሚለቀቀው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ ፋይሉን የሚጠራ ስም ሲያልቅ፣ እና ፋይሉን ከፍቶ የያዘው የመጨረሻው ፕሮሰስ (በመሮጥ ላይ ያለ ፕሮግራም) ሲዘጋው። ስሙ ከመዝገብ ቢፋቅም ተከራዩ ቤቱን እስኪለቅ ድረስ ቤቱ ተይዟል።

ይህን የምታሳይ ትዕዛዝ አለች፦

ሱዱ ኤልኤስኦፍ +ኤል1

ትርጉሟ "ተከፍተው ካሉ ፋይሎች ውስጥ የስም ቁጥራቸው ከ1 በታች የሆኑትን አሳየኝ" ነው። ጥቂት መስመሮች ወጡ፣ አብዛኞቹ የማይረቡ ናቸው። አንዱ ግን እንዲህ ይነበባል፦ የፕሮሰስ ቁጥር 2147፣ ፋይል ቁጥር 5 ለመጻፍ የተከፈተ፣ መጠን 39812406272 ባይት፣ የስም ቁጥር 0፣ መጨረሻው ላይ "የጠፋ" የሚል ምልክት። ባይቱ ሲካፈል 37 ጊጋ ነው።

ፕሮሰሱ የራሳችን አፕሊኬሽን ነው፣ ፋይሉም የአፕሊኬሽኑ ሎግ ነበር። ታሪኩ ቀስ ብሎ ወጣ። ቀደም ብሎ ዲስኩ መሙላት ሲጀምር ከቡድኑ አንዱ ትልቁን ሎግ አይቶ አርኤም በተባለው የማጥፊያ ትዕዛዝ አጠፋው። አርኤም ምንም ስህተት አላሳየም። ፋይሉ ከኤልኤስ ዝርዝር ጠፋ። ቦታው ግን አልተመለሰም። ይባስ ብሎ አፕሊኬሽኑ ስም በሌለው ፋይል ላይ መጻፉን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ዲዩን ለሚያይ ሰው ምንም ለውጥ የለም፤ ዲኤፍ ብቻ በየሰዓቱ ወደ ላይ ይወጣል። እድገቱ ከእይታ የወጣው ማጥፋቱ ራሱ ስላወጣው ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አፕሊኬሽኑን አቁሞ ማስነሳት ነው፤ ፋይሉ ይዘጋል፣ ቦታው ይለቀቃል። ሁለተኛው ፋይሉን በፕሮክ በኩል ባዶ ማድረግ ነው። ሊኑክስ የእያንዳንዱን ፕሮሰስ ክፍት ፋይሎች በ/ፕሮክ ሥር ስለሚያሳይ፣ /ፕሮክ/2147/ኤፍዲ/5 የሚለው አድራሻ ስም ወደሌለው ፋይል ያደርሳል። እዚያ ላይ "ትራንኬት -ኤስ 0" ማለት ይቻላል።

ሁለተኛውን መረጥን፣ ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሥራ ነበር። ያ ፋይል ሎጉ ለምን እንዲህ እንዳደገ የሚናገር ብቸኛ ማስረጃ ነው። ከተዘጋ አይመለስም። ስለዚህ በቴይል የመጨረሻዎቹን 200 ሜጋ ከዚያው ከፕሮክ አድራሻ ወደ ኔትወርክ ዲስኩ ቀዳን። ጠቅላላው ቢያስፈልግ ጠቅላላውንም መቅዳት ይቻል ነበር። ስሙ የጠፋ ፋይል ፕሮሰሱ እስካልሞተ ድረስ ይተርፋል። በስህተት የጠፋ ፋይልም በዚህ መንገድ የሚመለስበት አጋጣሚ አለ።

ሌላ ያየነው ነገር አፕሊኬሽኑ ፋይሉን በምን ዓይነት እንደከፈተው ነው። /ፕሮክ/2147/ኤፍዲኢንፎ/5 ውስጥ ፍላግስ በሚለው መስመር 0102001 ይላል። እዚያ ውስጥ ያለው 2000 "ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ጨምር" ማለት ነው። ይህ ካለ፣ ፋይሉ ባዶ ሲሆን ቀጣዩ ጽሑፍ ከዜሮ ይጀምራል። ከሌለ ግን አፕሊኬሽኑ የድሮ ቦታውን ስለሚያስታውስ ከ37ኛው ጊጋ ላይ መጻፉን ይቀጥላል፣ ከፊቱ ያለው ባዶ ቀዳዳ ይሆናል። ቀዳዳው ዲስክ አይበላም፣ ነገር ግን የፋይሉ መጠን 37 ጊጋ ሆኖ ይታያል። የእኛው በደህናው መንገድ የተከፈተ ነበር።

ትራንኬት ተደረገ። ዲኤፍ በቅጽበት ከ93 ወደ 56 ወረደ፣ 61 ከመቶ። ዳታቤዙ ተነሳ። ተጠቃሚዎች መግባት ጀመሩ።

ሂሳቡ ገና አልገጠመም

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ላፕቶፑን ይዘጋል። ሲስተሙ ተነስቷል፣ 37 ጊጋ ነጻ ቦታ አለ፣ ጥፋተኛውም ተገኝቷል። ድምሩ ግን እንዲህ ይላል፦ ዲኤፍ 56፣ ዲዩ 34። አሁንም 22 ጊጋ የለም። "ይሄ ያው የፋይል ሲስተሙ የራሱ ነገር ይሆናል" የሚል ሐሳብ ተነሳ። አይሆንም። ኤክስት4 ለራሱ ሰንጠረዦች የሚይዘውን ዲኤፍ ከጠቅላላው መጠን ላይ ቀድሞ ይቀንሰዋል። 100 ጊጋው ዲስክ 98 ሆኖ የሚታየውም በዚህ ነው። የሩት 5 ከመቶም ከተያዘው ውስጥ አይቆጠርም። 22 ጊጋ በእነዚህ አይገለጽም።

ኤልኤስኦፍ ደግመን አየን። የረባ ነገር የለም። ስም የሌለው ካለቀ የቀረው ስም ያለው ግን የተሸፈነ ነው።

ዲስክ አንድ ፎልደር ላይ ማውንት ሲደረግ፣ ማለትም ይዘቱ በዚያ ፎልደር በኩል እንዲታይ ሲያያዝ፣ በፎልደሩ ውስጥ ቀድሞ የነበረው ሁሉ ከእይታ ይሰወራል። አይጠፋም፣ ቦታውንም አይለቅም። በዚህ ሰርቨር ላይ /ባካፕ የሚባል ፎልደር አለ፣ የኔትወርክ ዲስክ እዚያ ላይ ማውንት ይደረጋል። ዲዩ በኤክስ ታዝዞ ያንን ፎልደር ዘሎታል። ሥሩ ያለውን ግን ያለ ኤክስም ቢሆን ሊያየው አይችልም።

ማውንቱን ማውረድ አንድ መንገድ ነው፣ ግን ሌሎች ሥራዎች እየተጠቀሙበት ነበር። ማንንም ሳይነኩ ማየት የሚቻለው እንዲህ ነው፦

ሱዱ ማውንት --ባይንድ / /ኤምኤንቲ/ሩት

ይህ ዋናውን ፋይል ሲስተም በሌላ አድራሻ ድጋሚ ያሳያል፣ በላዩ የተጫኑትን ማውንቶች ግን ይዞ አይመጣም። በዚያ በኩል /ኤምኤንቲ/ሩት/ባካፕ ሲታይ የተሸፈነው ፎልደር እንዳለ ይገለጣል። ዲዩ እዚያ ላይ ሮጠ። 22 ጊጋ። እያንዳንዳቸው 2 ጊጋ ገደማ የሆኑ 11 የዳታቤዝ መጠባበቂያ ፋይሎች ተደርድረዋል።

ሂሳቡ ገጠመ፦ 34 በስም ያለው፣ 37 ስሙ የጠፋ፣ 22 የተሸፈነ። 93።

ለምን ወዲያው አላጠፋናቸውም

"ድሮ የቀሩ ናቸው፣ ይጥፉ" ማለት ቀላል ነበር። የፋይሎቹን ቀን ከኔትወርክ ዲስኩ ዝርዝር ጋር አስተያየን። ኔትወርክ ዲስኩ ላይ በተከታታይ 11 ቀን ክፍተት አለ፣ እዚህ ያሉት ደግሞ ልክ የእነዚያ ቀናት ናቸው። ሌላ ኮፒ የላቸውም።

የሆነው ይህ ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ኔትወርኩ ሳይደርስ ማውንቱ ተሞከረና ከሸፈ። ቅንብሩ "ባይሳካም ቡቱ ይቀጥል" ስለሚል ማሽኑ ዝም ብሎ ተነሳ። ሌሊት ሌሊት የሚሠራው ስክሪፕት /ባካፕ የሚል ፎልደር አገኘ፣ ጻፈበት። ፎልደሩ በዋናው ዲስክ ላይ ያለ ባዶ ፎልደር መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስክሪፕቱ በሩት ስለሚሠራ ምንም ነገር አልከለከለውም። በኋላ አንድ ሰው ማውንቱ አለመኖሩን አይቶ በእጁ መለሰው። በዚያች ቅጽበት 11ዱ ፋይሎች ተሸፈኑ።

አርሲንክ በተባለው የመቅጃ መሣሪያ ወደ ኔትወርክ ዲስኩ ቀዳናቸው። የእያንዳንዱን የሻ256 ድምር (ይዘቱ ከተለወጠ የሚለወጥ አሻራ) በሁለቱም በኩል አመሳከርን። ከገጠመ በኋላ ብቻ ከሥር ያሉትን አጠፋን፣ ባይንድ ማውንቱንም አወረድን።

የተቀየረው

ስክሪፕቱ አሁን ከመጻፉ በፊት "ማውንትፖይንት -ኪው /ባካፕ" ብሎ ይጠይቃል። ማውንት ካልሆነ መልእክት ልኮ ያቆማል። በተጨማሪ ማውንቱን ለአፍታ አውርደን ሥር ያለውን ባዶ ፎልደር ቻትር በተባለው ትዕዛዝ የማይለወጥ አደረግነው። እንዲህ ከሆነ ሩት እንኳን ፋይል ሊፈጥርበት አይችልም። ዲስኩ ከላይ ሲጫን ግን ሁሉም እንደ ወትሮው ይሠራል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ነገ ሌላ ሰው ሌላ ስክሪፕት ቢጽፍም ያው ጥበቃ ይሠራል።

ከቀዳነው ሎግ ውስጥ አንድ የዲባግ (ለስህተት ፍለጋ የሚጻፍ ዝርዝር) መስመር ሲደጋገም አገኘን። አንድን ችግር ለመመርመር የዲባግ ደረጃው ከፍ ተደርጎ ሳይመለስ ቀርቷል። ተመለሰ። ሎጎችን በየጊዜው በአዲስ በሚተካው በሎግሮቴት ቅንብር ላይም የመጠን ገደብ ገባ፣ ከዙሩ በኋላ አፕሊኬሽኑ ፋይሉን ዘግቶ አዲሱን እንዲከፍት ምልክት ይላክለታል። ኮፒትራንኬት የሚባለው አማራጭ (ሎጉን ቀድቶ ዋናውን ባዶ ማድረግ) ይቀላል፣ ነገር ግን በቅጂውና ባዶ በማድረጉ መሃል የተጻፉ መስመሮች ሊጠፉ ስለሚችሉ አልወሰድነውም። ሎግሮቴት አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ብቻ ስለሚሮጥ የመጠን ገደቡ ብቻውን በሰዓታት ውስጥ የሚያብጥን ሎግ አይደርስበትም። እኛ ለዚህ ሎግ በየሰዓቱ እንዲሮጥ አደረግን። የጆርናሉን ጣሪያም ወደ 1 ጊጋ አወረድነው።

ዲኤፍ አሁን 31 ጊጋ ይላል፣ ዲዩም 31።

የመጨረሻው ሥራ ማስጠንቀቂያው ነበር። ዲስኩ 80 ከመቶ ሲደርስ የሚጮህ ቀድሞም ነበረን፣ ግን ምን እንደሞላው አይናገርም። አሁን ሌሊት ላይ ዲዩ በዝቅተኛ ቅድሚያ ይሮጥና ድምሩ ከዲኤፍ ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ ከ5 ጊጋ ካለፈ መልእክት ይመጣል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አንድ ሌሊት 6 ጊጋ ልዩነት አለ ብሎ ጮኸ። ኤልኤስኦፍ ሲታይ አንድ የሪፖርት ፕሮግራም ጊዜያዊ ፋይል ከፍቶ ወዲያው ስሙን አጥፍቷል። ብዙ ፕሮግራሞች ሆን ብለው የሚያደርጉት ነው፤ ድንገት ቢሞቱ እንኳን ቆሻሻ አይተዉም። ሪፖርቱ ሲያልቅ ልዩነቱ ራሱ ጠፋ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ልዩነቱን ሲያይ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድጋሚ እንዲቆጥር፣ አሁንም ካለ ብቻ እንዲጮህ አደረግነው። መልእክቱም የኤልኤስኦፍን ውጤት እና የማውንቶቹን ዝርዝር አብሮ ይዞ ይመጣል።